ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣን አቋርጦ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የማታዋን ሰዓት ያውቃታል። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ከብቱ ከግጦሽ ወደ በረት ይነዳል። ገበያተኛው አህያውን እያጣደፈ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ተማሪው ደብተሩን በብብቱ ይዞ የአስፋልቱን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። ሚኒባሱ ሳይመሽ አንድ ምልልስ ለመጨመር ይከንፋል፣ ጤፍ የጫነው አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሞተረኛው አለ። በረመዷን ደግሞ ይህ ሞተረኛ ከሱሑር ወዲህ እህል ውኃ ያልቀመሰ፣ ተራዊሕ ሰግዶ አምሽቶ በሌሊት የተነሳ፣ ቤቱ ሾርባውና ሳምቡሳው የሚጠብቀው፣ ልጆቹም የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ለማወቅ ጆሯቸውን ያቆሙለት አባት ነው።

ሞጣ ስትነሳ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተቃጠሉትን መስጂዶቿን ነው። የዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ማንም የማይሰማውን፣ በየማታው በመንገድ ላይ የሚያጋጥመውን ነው። ሰው ሳይሞት ስለቀረ ዜና አይሆንም፣ ፖሊስም አይመዘግበውም። ሞተረኛው ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ እንኳ አይነግርም። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩ» ብሎ ቴምሩን ያነሳል።

በዚህ መንገድ በሞተር ስንመላለስ ዓመታት ስላስቆጠርን የምናወራው ከሩቅ የሰማነውን አይደለም። በነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ሞተር ቅንጦት አይደለም። የግብርና ባለሙያው ቀበሌ የሚወርደው በሞተር ነው። የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ የሚደርሰው በሞተር ነው። ጨርቁንና ቅመማ ቅመሙን ከገበያ ገበያ የሚያዞረው ነጋዴ ወንድማችንም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቅሎውን ትቶ ቲቪኤስ ወይም ቦክሰር ገዝቷል። ጸጥታው ሲደፈርስ የሞተር እንቅስቃሴ የሚታገድበት ጊዜ አለ። ያኔ ነው ሰው ሞተር ምን ያህል የቤቱ ምሰሶ እንደነበረ የሚያውቀው።

እንግዲህ ለጥቂት ተርፈን ካለፍንባቸው ጥቂቱን እናንሳ። ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ሞጣ ስንጓዝ ኩርባው ላይ አንድ ሚኒባስ አንድ አይሱዙ ደርቦ ሲመጣ አገኘነው። መንገዱ ሁለት መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ እኛ የነበርንበት መስመር በእሱ ተይዟል። መሪውን ወደ ቀኝ ይዘን ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹ ላይ ስንንገዳገድ ሚኒባሱ በክንዳችን ርቀት ውልብ ብሎ አለፈ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘልን። ይቅርታ ይሁን ሰላምታ እስከ ዛሬ አልገባንም።

ቢቸና ከተማ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። እዚያ የሚያስቸግረን ባጃጅ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ፣ ስፖኪዮ ሳያይ፣ ባለበት ቀጥ ይላል። ወይም በተቃራኒው በኩል የቆመ ሰው እጁን ሲያነሳ መንገዱን አቋርጦ ይዞራል። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከጉልበት መላጥ አያልፍም። ከኋላችን ሲኖትራክ ቢኖርስ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ባጃጅ ነጂ ገና አላገኘንም።

ከሁሉም ይበልጥ የምንፈራው ግን የሚንቀሳቀሰውን አይደለም። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩና ረዳቱ ትላልቅ ድንጋይ ለቅመው ከኋላው ይደረድራሉ፣ ቅጠልም ይጨምራሉ። አንጸባራቂ ምልክት ለሌለው መኪና ይህ የአገራችን ምልክት ነው፣ በራሱም ክፉ አይደለም። ክፋቱ የሚመጣው መኪናው ተጠግኖ ሲነሳ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሳና ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ለመኪና ጎማ እንቅፋት የሆነው ያ ድንጋይ በምሽት ለሚመጣ ሞተረኛ ግንብ ነው። አንድ ሰሞን በአንድ ምልልስ ብቻ እንዲህ ያሉ ሦስት የድንጋይ ረድፎች አጋጥመውናል። ቆመን አነሳናቸው። እጃችን ቢቆሽሽም ቀልላችን ነው የሄድነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድን ከኢማን ቅርንጫፎች መካከል ቆጥረውታልና። እሾሃማ ቅርንጫፍ ከመንገድ ላይ በማንሳቱ ብቻ ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚነገረውን ሐዲስም ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩታል። የሐዲሱ ሰው ያነሳው እሾህ ሌላው የጣለውን ነበር። የራሱን ድንጋይ ጥሎ የሚሄደውን ምን እንደምንለው አናውቅም።

ወደ ሚኒባሱ ሾፌር እንመለስ። ከጥቂት ቀን በኋላ መናኸሪያ ውስጥ አገኘነው። ታርጋውን ይዘን ስለነበር ተራ አስከባሪው አገናኘን። ጠብ ፍለጋ አልሄድንም። አንድ በዕድሜ የገፉ የቀበሌው ሰው አብረውን ሄደው ነበርና ነገሩ በሻይ ቤት ወንበር ላይ ተጀመረ። ሾፌሩ ከልቡ ደነገጠ። ደርቦ ከመውጣቱ በፊት ፊት ለፊት እንዳየ፣ መንገዱ ባዶ እንደነበረ፣ እኛን ያየን አጠገቡ ከደረስን በኋላ እንደሆነ ማለ። መጀመሪያ አላመንነውም። ቆይተን ስናነብና ስንጠይቅ ግን የተናገረው እውነት ሊሆን እንደሚችል ተረዳን፤ ነገሩንም ይበልጥ አስፈሪ ያደረገው ይኸው ነው።

ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነው። የሰው ዓይን ትልቁን ነገር ቅርብ፣ ትንሹን ነገር ሩቅ አድርጎ መገመት ለምዷል። ስለዚህ ሾፌሩ ሞተሩን ቢያየውም እንኳ ገና ሩቅ እንዳለና ዝግ ብሎ እንደሚመጣ አድርጎ ያስበዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጠብቀው መኪና ስለሆነ መኪና ሲያጣ መንገዱን ባዶ ብሎ ይደመድማል፤ ዓይኑ አይቶ ልቡ ሳያስተውል ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ጥናት በካሊፎርኒያ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ከሥፍራው ተገኝቶ መርምሯል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች ከሦስት ሁለቱ ያህል የተከሰቱት ሌላው ተሽከርካሪ ለሞተረኛው የሚገባውን ቅድሚያ በመንፈጉ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርትም በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከዚህም 21 በመቶ ያህሉ የሁለትና የሦስት እግር ሞተር ተጠቃሚ እንደሆነ ገልጿል።

ሒሳቡንም ማየት ይጠቅማል። ሚኒባሱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር፣ እኛም 70 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ የምንቀራረበው በሰከንድ ወደ 39 ሜትር ነው። በመካከላችን 200 ሜትር ቢኖር የሚበቃው ለአምስት ሰከንድ ነው። «ቢስሚላህ አር ረሕማን አር ረሒም» ብሎ አንድ ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ አይሱዙ ደርቦ ለማለፍ ግን አይበቃም።

በረመዷን ምን ይጨመራል? የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው። ተራዊሕ ጨርሶ፣ ከቤተሰቡ ጋር አምሽቶ የሚተኛ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ለሱሑር ይነሳል። ፈጅር ሰግዶ ካልተመለሰ በስተቀር ሌሊቱ አራትና አምስት ሰዓት እንቅልፍ ብቻ ሆኖ ያልፋል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የማስተዋልና የመወሰን አቅሙ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን ተመራማሪዎች በሙከራ አሳይተዋል። አስካሪ ነገር በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ሳያውቀው በሰካራም ዓይን መንገድ ያያል ማለት ነው። ቡናውም አለ። በቀን ሦስት አቦል የለመደ ሰው ጠዋትም ቀንም ሲያጣው ከሰዓት በኋላ ራሱን ይወጋዋል፣ ያዛጋዋል። ውኃ ጥሙ ሲጨመር ዓይንና እጅ እኩል መሥራታቸውን ያቆማሉ። ለዚህ አባቶቻችን ያቆዩልን መላ አለ፤ እሱም ከዙሁር በኋላ የምትተኛው ቀይሉላ ናት። ሱቅ ውስጥ በጆንያ ላይ ጋደም ብለን የምንተኛት ሃያ ደቂቃ ማታ የምታመጣውን ለውጥ የሞከረ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ፀሐይዋ ነች። በየካቲትና በመጋቢት በአካባቢያችን መግሪብ የሚገባው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ወደ ምዕራብ በዞረ ቁጥር ዝቅ ያለችው ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ስትጠልቅ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ብርሃንም ጨለማም ያልሆነ ነገር ይመጣል፣ ፓውዛ ቢበራም ብዙ አያሳይም። አህያ ከመንገዱ ቀለም ጋር የምትመሳሰለው በዚያች ሰዓት ነው።

ሦስተኛው፣ በእኛ አስተያየት ዋነኛው፣ ጥድፊያው ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ኢፍጣርን ማፋጠን ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ትርጉሙ ጊዜው ከገባ በኋላ ጾምን አለማቆየት ነው እንጂ ቤት ለመድረስ መክነፍ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያፈጥሩ የነበረው በእሸት ቴምር፣ እሱ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከሌለ በጥቂት ውኃ ነበር። ሦስት ቴምር በኪስ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ በሞተሩ ሳጥን የያዘ ሰው ሱናውን በየትኛውም ዛፍ ጥላ ሥር መፈጸም ይችላል። ሾርባው ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። ሚስቶቻችንና እናቶቻችንም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው፤ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው «የት ደረስክ?» ብሎ ስልክ መደወል ፍቅር ቢሆንም ሞተር ላይ ያለ ሰው ስልክ ሊያነሳ የሚችለው አንድ እጁን ከመሪው ለቆ ነው። ስልኩን ሄልሜት ውስጥ ሸጉጦ የሚያወራም አይተናል።

መንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲተካ አላህ (ሱ.ወ) ፈቅዷል። ዑለማዎች በርቀቱ ቢለያዩም ብዙዎቹ ወደ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያደርጉታል። በነዚህ ከተሞች መካከል በየቀኑ ለሚመላለስ ነጋዴና ባለሙያ ጉዳዩ ተራ አይደለምና የአካባቢውን ኢማም ጠይቆ የራሱን መልስ ይያዝ። እኛ ፈትዋ አንሰጥም። የምናውቀው ነገር ቢኖር ዓይኑ እየተከደነ «ከጾምኩ ልሙት» የሚል ሞተረኛ አብሮት ሌላ ሰው ሊገድል እንደሚችል ነው።

የሾፌሮቹንም ነገር በፍትሕ እንየው። እንደ ሰሞኑ ሁዳዴና ረመዷን ሲገናኙ ከመሪው ጀርባ ያለው ክርስቲያን ወንድማችንም ጾመኛ ነው። እሱም ከእኛው ጋር እኩል ደክሞታል፣ እሱም ቤቱ ሽሮው ይጠብቀዋል። የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ ማስረከብ አለበት፣ ተራው ካመለጠው ያድራል። ይህን የምንለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። በረመዷን ማታ መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል የተራበ ሰው መሆኑን ሞተረኛው እንዲያስብበት ነው። ለጥቂት ከተረፍን በኋላ የሚመጣብንን ነገር እናውቀዋለን። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ይፈላል፣ ሞተሩን አዙሮ መኪናውን አሳዶ ሾፌሩን በመስኮት መስደብ ያምራል። ያደረጉትን አይተናል። ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ያኔ ነው፤ አንድ ብረት ውስጥ የተቀመጠን ሰው በሁለት እግር ሞተር ማስቆም አይቻልምና። ለተሰዳቢ ጾመኛ የታዘዘው ጾመኛነቱን ተናግሮ ማለፍ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ሞተሩን ማጥፋት፣ ልብ እስኪረጋጋ መቀመጥ፣ ታርጋውንና ሰዓቱን መያዝ፣ ቀጥሎ ባለው ከተማ ለትራፊክ ፖሊስ ማመልከት፣ ካልሆነም እኛ እንዳደረግነው መናኸሪያ ሄዶ ማነጋገር ይሻላል። በዚያ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሾፌር ዛሬ ከሩቅ ሲያየን መብራት ያበራልናል።

አደጋው ከደረሰ ግን ማወቅ የሚገባን ሕግ አለ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሽምግልና ብቻ ይጨርሰዋል። ሽማግሌ ደም ማድረቁ፣ ቂም ማጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በቢቸናም በሞጣም ሼኩና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያስታርቁበት ወግ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ከዚያ ጎን ለጎን የሚጠየቅ መብት አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ ሞተርም ጭምር፣ ይህን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። አዋጁ የተጎዳ ሰው በጤና ተቋም የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ ሲወጣ የተቀመጠው መጠን እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ባይታወቅም፣ ወይም መድን ያልነበረው ቢሆንም፣ ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ አባወራውን ቀብሮ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ለማግኘት የፖሊስ መረጃ ስለሚያስፈልግ «ነገሩን እዚሁ እንጨርሰው» ከማለት በፊት አደጋው መመዝገብ አለበት። ሞተር ገዝቶ ታርጋ ሳያወጣ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይዝ የሚነዳው ወጣት ደግሞ በዚያች ቀን በምን አፉ መብቱን ይጠይቃል?

በሸሪዓም ነገሩ ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. ብሩናይ ላይ ባካሄደው 8ኛ ጉባኤው የትራፊክ አደጋን ጉዳይ ተመልክቶ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር ሃይማኖታዊ ግዴታ መሆኑን ወስኗል። አሽከርካሪም በመኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስቀምጧል። ቁርኣን ሰውን በስህተት ለገደለ ሰው ከደም ካሣው በተጨማሪ ያስቀመጠውን ከፋራ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ሰው ሁለት ተከታታይ ወር ይጾማል። አንድ ረመዷን እንዴት እንደሚከብድ በዚህ ወር የሚሰማን ሰዎች ሳይቆራረጥ ሁለት ወር ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያቅተንም። ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፍ፣ ድንጋይ ጥሎ የሚሄድ፣ ያለ መብራት የሚነዳ ሙስሊም ሾፌር ይህን የሚሰማው መቼ ነው? የጁምዓ ኹጥባ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር የሰማነው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ወር መስጂድ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሾፌሩም ባጃጅ ነጂውም እዚያው ተቀምጧል። ኢማሞቻችን ቢያስቡበት።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሄልሜት ብዙዎቻችን አለን፤ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ክርናችን ላይ ነው፣ ወይም ስፖኪዮው ላይ ተንጠልጥሏል። ትራፊክ ሲታይ ራስ ላይ ይወጣል፣ ሲታለፍ ይወርዳል። ሄልሜት ትራፊክ ፖሊሱን አያድንም። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሆነው የአገጭ ማሰሪያው ሲታሰር ነው። «ቀደር ነው፣ የተጻፈ አይቀርም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ለጠየቀው ሰው የተሰጠው መልስ ማሰሪያዋን ጭምር ይመለከታል ብለን እናምናለን።

ቀለሙም ቁም ነገር አለው። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች ለጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ፣ በቀን መብራት ያበሩት ደግሞ በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። በገበያችን የሚበዛው ጥቁሩ ሄልሜት ነው። ጥቂት ነጭ ቀለም ወይም አንጸባራቂ ፕላስተር ከኋላና ከፊት መለጠፍ ከአንድ ኪሎ ቴምር ያነሰ ወጪ ነው። ነጭ ጀለብያችን በዚህ ረገድ ጥሩ ነበር፣ ከርቀት ይታያል። ችግሩ ሰንሰለቱና ጎማው ናቸው። ጫፉ ንፋስ ይዞት ወደ ኋላ ጎማ ሲገባ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ነጂውን ይጥላል። ከጉልበት በላይ ሰብስቦ መታጠቅ ወይም ሱሪ ለብሶ ጀለብያውን ቦርሳ ውስጥ ይዞ መስጂድ ደጃፍ ላይ መልበስ ነው ያለው አማራጭ።

ከኋላ የሚጫኑ እናቶቻችንና እህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ልብ ይነካል። በጎን ተቀምጠው፣ አባያውና ሻርፑ ተለቅቆ፣ አንድ እጃቸው ሕፃን፣ ሌላው የምግብ ዕቃ ይዞ ይታያሉ። ሻርፕ ከጎማ ሽቦ ጋር ሲጠመጠም የሚይዘው አንገት ነው። አባያን ከሥር ሰብስቦ መያዝ፣ ሻርፑን ጃኬት ውስጥ ማስገባት፣ ሒጃቡን በመርፌ ሳይሆን ከውስጥ በሚደረግ ቆብ አስይዞ ሄልሜት ከላይ ማድረግ ሐያእንም ሕይወትንም ይጠብቃል። ሄልሜት ሁለት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ግን ሁለት ስልክ የሌለው ቤት ስንት ነው?

ሌሎች አገሮች ምን እንደሚያደርጉ ማየቱ አይከፋም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በረመዷን ማታ በየመስቀለኛው መንገድ በጎ ፈቃደኞችና ፖሊሶች ቴምርና ውኃ ይዘው ይቆማሉ፤ ዓላማው ለኢፍጣር የሚጣደፈው አሽከርካሪ ባለበት አፍጥሮ በዝግታ ቤቱ እንዲገባ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለዒድ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለሰው ሕዝብ እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሳ፣ አብዛኛውም ቤተሰቡን በሞተር ጭኖ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ መንግሥት ሞተሩን በባቡርና በመርከብ በነፃ የሚያደርስበት አሠራር አለው። አዲስ አበባ ደግሞ በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተርን በከተማዋ በመገደብ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ ያ የተደረገው ግን በዋናነት ለወንጀል መከላከል ተብሎ ነው። ቢቸናና ሞጣ ባቡርም መርከብም የላቸውም። ቴምር ግን አለ። የመስጂድ ወጣቶች በየከተማው መግቢያና መውጫ ላይ ውኃና ቴምር ይዘው ቢቆሙ ጾመኛ ማስፈጠርን የሚያህል ምንዳ ያገኛሉ፣ ለሞተረኛውም ለሾፌሩም ያድላሉ። ክርስቲያኑም ሁዳዴን ቢጾምም ቴምር የጾም ነው፣ አይጎዳውም። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ይቁሙ እንጂ ከጠርዙ አልፈው አስፋልቱ ላይ አይውጡ።

ዒድም ቀርቧል። የዒድ ማለዳ በነዚህ ከተሞች የሚታየውን ሁሉም ያውቃል። አባት መሪውን ይዞ፣ ትንሹ ልጅ ታንከሩ ላይ፣ እናት ከኋላ፣ በመካከላቸው አንዲት ሴት ልጅ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ አራት ሰው በአንድ ሞተር ወደ ሰላት ሜዳ ይወርዳል። ፎቶ ሲያነሱት ያምራል። ፍሬን ሲያዝ ግን ሞተሩ የሚሸከመው ሁለት ሰው ነው፣ ታንከር ላይ ያለው ልጅም በአባቱና በመሪው መካከል ነው ያለው። ያን ዕለት ሁሉም አስቀድሞ ይነሳል፤ ሰላቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ መመላለስ ይቻላል። መጀመሪያ እናትና ትንሹ፣ ቀጥሎ ልጅቷ። ከቤት እስከ ሜዳው ሁለቴ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ቤንዚን፣ በሃይላንድ ተሞልቶ በመንገድ ዳር በውድ የሚሸጠው እንኳ ቢሆን፣ ግማሽ ሊትር አይሞላም።